ሲሰጡሽ እምቢ በይ

የምኖርባት ከተማ ስሟን ብትጠየቅ «ኧረ ስም ለእኔ ምን ያደርግልኛል፤ ለጎረቤቴ ስጡልኝ» የምትል ዓይነት ስለሆነች፣ እኔም ሳልጠራው አልፋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ትይዩ ነው። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ነው፤ የቀረውን የተማርኩት ልካቸው እንዲወሰድላቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ፊቴ ከቆሙ ሰዎች ነው። ክንዱን ዘርግቶ የቆመ ሰው ብዙ ያወራል።

በከተማችን የተሰጠህን ነገር ወዲያው መቀበል ነውር ነው። ምግብ ቢቀርብልህ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ወንበር ቢለቀቅልህ «መቆም ይሻለኛል» ትላለህ። ዝናብ ላይ ቆመህ ጃንጥላ የያዘ ሰው «ና ግባ» ቢልህ «ኧረ ዝናብ እወዳለሁ» ትላለህ። እሱ «በሞቴ!» ይላል። አንተ «ኧረ በፍጹም!» ትላለህ። እሱ «አፈር ስሆን!» ይላል። እየተባባላችሁ ዝናቡ ሁለታችሁንም ይደበድባችኋል፤ ጃንጥላው ሥር ስትገባ አባርቷል። ሌላ አገር ይህን ምን እንደሚሉት አላውቅም። እኛ ጨዋነት እንለዋለን፤ ልጆቻችንንም ገና መናገር ሳይችሉ ጡት እንዲግደረደሩ እናስተምራለን።

ሙያም የሚታደለው በዚሁ መንገድ ነው። ትምህርታቸውን የጨረሱ ልጆች በዓመት አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ይሰበሰባሉ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የየሙያው ዕቃ ይደረደራል፤ የሥጋ ቆራጭ ቢላ፣ የዳቦ ጋጋሪ መዳመጫ፣ የውሃ ወረፋ ዳኛ ፊሽካ፣ የደመና ተመልካች መነጽር፣ የወጌሻ ቀርከሃና መጠምጠሚያ ጨርቅ። የሙያ ማዕድ ይባላል። ልጁ ተራው ሲደርስ አንዱ ዕቃ ይዘረጋለታል። «አይ፣ ይቅርብኝ» ይላል። ሽማግሌዎቹ «በሞታችን» ይላሉ። «ኧረ እኔ አይገባኝም» ይላል። እነሱም ይለምናሉ፤ እሱም ይግደረደራል፤ እያለ እያለ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። እናቱ እልል ትላለች። ከዚያ ወዲያ ያ ሙያ እስከ ዕለተ ሞቱ የእሱ ነው።

ይህ ሥርዓት አንድ ችግር ነበረበት። ችግሩን መናገር ግን ነውር ስለነበረ ችግር አልነበረበትም። ጎረቤቴን አያ ደባሽን ልጥቀስ። ወጣት ሳለ የሥጋ ቆራጭ ቢላ ተዘረጋለት። አያ ደባሽ ደም ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው ነው። «አልፈልግም» አለ። «እንዴት ያለ የታነጸ ልጅ ነው» ተባለ። «በፈጠራችሁ አልፈልግም!» አለ። ሽማግሌዎቹ በጨዋነቱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መሬት ላይ ተንከባለለ። እንዲህ ያለ መግደርደር ታይቶ አይታወቅም ተብሎ የከተማው ዋና ሥጋ ቆራጭ ተደረገ። እስከ ዛሬ የሚቆርጠው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። አንድ ኪሎ ሥጋ ብለህ ስትገዛ ምን እንደምታገኝ አንተም አታውቅም፣ እሱም አያውቅም።

በዚህ መሀል ነው አቶ መንበሩ ከዋናው ከተማ የተላኩት። ሹመታቸው «የወጣቶች ሙያ ምሪትና የሰው አያያዝ ኃላፊ» የሚል ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሁሉንም ሰው «እርስዎ» የሚሉ ሰው ናቸው። ከሁሉ አስቀድመው «በሞቴ» ማለትን ከለከሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ሞቱን ያለ በላይ አካል ፈቃድ ማስያዝ አይችልም አሉ። «ወጣቱን መለማመጥ አያስፈልግም። ይጠየቃል፤ ይመልሳል፤ መልሱ ይከበራል።» ስሰማው ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ደስ ያለኝ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

በዚያ ዓመት ከሚቀርቡት አንዷ የእህቴ ልጅ ትርንጎ ነበረች። ትርንጎ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰው ፊት ሳይሆን የሰው አረማመድ የምታይ ልጅ ናት። የሰፈሩ ዶሮ እግሩ ከተሰበረ ወደ እሷ ነው የሚመጣው። በቀርከሃ ስንጥር አስራ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ሲድን ትለቀዋለች። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛዬ ልኬን ላስወስድ ብሎ ክንዱን ሲዘረጋ «የግራ ትከሻዎ ወልቆ ሳይስተካከል ነው የገጠመው» አለችው። ሰውዬው «ኧረ ደህና ነኝ» አለ። ክንዱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። የዚች ልጅ ምኞት ምን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አውጥታ መናገር ነው የማይቻለው። የከተማችን ወጌሻ ካረፉ ቆይተዋል፤ ቀርከሃቸውም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል።

ተራዋ ደረሰ። አቶ መንበሩ ቀርከሃውን ዘረጉላት።

«ወጌሻ መሆን ይፈልጋሉ?»

ትርንጎ እናቷ እንዳስተማረቻት ዓይኗን ወደ መሬት ሰበር አድርጋ «ኧረ ይቅርብኝ፤ እኔ ማን ብሎኝ» አለች።

«ይቅርብዎ» አሉ አቶ መንበሩ፤ ቀርከሃውንም መለሱት። «ቀጣይ!»

እህቴ ይታክቱ ለእልልታ የከፈተችውን አፏን መዝጋት አቃታት። ልጅቷ ቆማ ቀረች። ከኋላዋ ያለውም ልጅ መዳመጫ ተዘርግቶለት «ኧረ እኔ ዳቦ ላይ እጄን ላንሳ?» አለ። «አያንሱ፤ ቀጣይ!» እንዲህ እያለ ሰልፉ በሙሉ ባዶ እጁን አለፈ። አንድም ልጅ ባለጌ አልሆነም። አንድም ልጅ ሥራ አላገኘም።

ከሰልፉ መጨረሻ ዳምጠው የሚባል ልጅ ነበር። ይህ ልጅ ያደገው ከሹፌር አጎቱ ጋር በጭነት መኪና ላይ፣ ሰው ሲርበው በሚበላባቸው አገሮች ነው። ቢላውን ዘረጉለት።

«እሺ» አለ።

አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ጆሮ በእጃቸው ሸፈኑ።

«መዳመጫውንስ?»

«እሺ።»

«ፊሽካውን?»

«እሺ። ሌላም ካለ አምጡ፤ ለእኔ ችግር የለውም።»

ዳምጠው የጠረጴዛውን ዕቃ በሙሉ በጆንያ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። ፊሽካ በአፉ፣ መነጽር በግንባሩ፣ ሊጥ እስከ ክርኑ።

«ዳቦ አለ?» አልኩት።

«በየትኛው ሙያዬ ነው የጠየቁኝ፣ ጋሼ?»

«በዳቦ ጋጋሪነትህ።»

«ገና አልቦካም። በደመና ተመልካችነቴ ከሆነ ግን ከሰዓት ይዘንባል።»

ከፊቴ ክንዱ የተሰበረ ሰው በዳቦው ወረፋ ቆሟል። ዳምጠው ክንዱን ተቀብሎ ዱቄት ነሰነሰበትና አሸው። ሰውዬው ላብ እያጠመቀው «ኧረ እንዲህ አትድከም፤ ለሌላው ይድረሰው» ይላል። ዳምጠው ተናዶ ፊሽካውን ነፋ፤ ሰልፉ በሙሉ ደንግጦ አንዱ «ቅደም»፣ ሌላው «ኧረ አንተ ቅደም» እየተባባለ ወደ ኋላ ሄደ። ዳቦ ሳልገዛ ተመለስኩ።

የሚያናድደው አቶ መንበሩ ክፉ ሰው አለመሆናቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ተናድጄ ይወጣልኝ ነበር። ነገሩ እንደተበላሸ አይተው፣ አዲሱ ዓመት ገብቶ ቀጣዩ ማዕድ ሲቃረብ ኮት ላሰፋ ብለው ወደ እኔ መጡ፤ ክንዳቸውንም ዘርግተው ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ የእርስዎን አገር ሰው ልረዳው አልቻልኩም። እስቲ ያስረዱኝ።»

«ሰው እምቢ ሲል አንዳንዴ እሺ ማለቱ ነው» አልኳቸው።

ክንዳቸው እንደተዘረጋ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ሁልጊዜ?»

«አይ፣ ሁልጊዜስ አይደለም።»

ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለ ፈገግታ አይቼ አላውቅም፤ ሰው አዲስ ዓለም ሲያገኝ የሚያሳየው ዓይነት ነው። «አሃ! ሁልጊዜ!»

«አይደለም አልኩ እኮ!»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ። ገብቶኛል።»

«ኧረ አልገባዎትም!»

እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «እንዲህ ግልጽ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም» ብለው ወጡ። የኮቱን ግራ እጅጌ ሳልለካ ቀረሁ። እስከ ዛሬ አንዱ ከአንዱ ያጥራል፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

በሳምንቱ «የሰው አያያዝ ክህሎት» የሚባል ትምህርት ጀመሩ። ያለፈው ዓመት ልጆችም ተጠሩ፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ዕድል አላቸው። ሁለተኛውም ካመለጣቸው ግን «ተጠባባቂ» ይሆናሉ። ተጠባባቂ ማለት በሙያ ምሪት ቢሮው ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ግራጫ ሻሽ አስሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ነው። ሌላ ሥራ መሥራት ይከለከላል፤ ሥራ ይዞ እንዴት ይጠብቃል? እዚያ በድሮው ጊዜ ልመናው ሳያልቅ የመሸባቸው፣ ሽበት ያወጡ ሰዎች አሉ። ስታልፍባቸው ከወንበሩ ተነስተው «ተቀመጥ» ይሉሃል።

ክፍሉ ከሱቄ ፊት ለፊት ስለሆነ ትምህርቱን በመስኮት ተከታተልኩ።

«ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?» ይላሉ አቶ መንበሩ።

«ኧረ እኔ ምን ጠንካራ ጎን አለኝ» ይላል ተማሪው።

«ደካማ ጎንህስ?»

«እሱም ቢሆን ከጓደኞቼ ደካማ ጎን ጋር የሚወዳደር አይደለም።»

«ግሩም! በራስ መተማመን ይህ ነው! አጨብጭቡለት።»

ጫማቸውን አጎንብሶ የሚያይ ተማሪ «ዓይን ለዓይን ማየት ይችላል» ተብሎ ሙሉ ማርክ አገኘ። ክፍሉ በር ላይ ተጨናንቀው «ቅደም፣ ኧረ ቅደም» ሲባባሉ ደወል የተደወለባቸው ልጆች «በቡድን መሥራት» በሚለው አንደኛ ወጡ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ትርንጎ፣ ዳቦ ትወጃለሽ?» ተማሪዎቹን አሁን ቀርበዋቸዋልና አንቱታውን ትተዋል።

ትርንጎ ደክሟት ነበር። «እወዳለሁ» አለች።

አቶ መንበሩ አዘኑ። ወደ ወንበሯ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምነው ልጄ፣ ዳቦ ምን በደለሽ? ከጠላሽው ማንም አያስገድድሽም።»

ክፍሉ ሳቀ። ትርንጎ አልሳቀችም። እኔም መርፌውን አውራ ጣቴ ላይ ሰካሁት።

ማታ ላይ እህቴ ሱቄ መጣች። ይታክቱ ደግ ሴት ናት፤ በሕይወቷ «ስጡኝ» ብላ አታውቅም። ለቅሶ ቤት እንኳ ስታለቅስ ሌላዋ እንድትቀድም ትጠብቃለች።

«ዘንድሮ ነገሩ ተስተካክሏል» አለቻት ልጇን። «ሹሙ ገብቶታል። ሲሰጡሽ እምቢ በይ፤ አጥብቀሽ እምቢ በይ፤ ያንቺ ነው።»

«እምዬ፣ አምና እምቢ ብዬ አመለጠኝ።»

«አምና አልገባውም ነበር። ዘንድሮ ገብቶታል። አይደል?» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

ምን ልበል? ነገሩ ልክ ነበር። ሁሉም ነገር በተሳሳተ መንገድ ልክ ሆኗል። «እምቢ በይ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «በዚህ ከተማ ወጌሻ የምትሆኚበት ሌላ መንገድ አላውቅም።»

«እፈልጋለሁ ብልስ?»

ይታክቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። «በሰው ፊት? እፈልጋለሁ? ምን አጉድዬብሽ ነው ያሳደግኩሽ? ሰው ምን ይለኛል? የይታክቱ ልጅ ፈለገች ይባል?»

ትርንጎ «እሺ፣ እምቢ እላለሁ» አለች። እዚያው ላይ አስለማመድናት። እኔ የእንጨት ሜትሬን እንደ ቀርከሃ ዘረጋሁላት፤ እሷም «ኧረ ተዉኝ» አለች። ጥሩ አድርጋ አለችው። ይታክቱ እንኳ «እኔ ራሴ አመንኩሽ» አለች።

የማዕዱ ቀን ደረሰ። ጠረጴዛው እንደገና ሞልቷል፤ ምክንያቱም ዳምጠው ዕቃዎቹን መልስ ሲባል «እሺ» ብሏል። ያለ ምንም ጭቅጭቅ ከሥልጣን የወረደ ባለሙያ ሳይ እሱ የመጀመሪያዬ ነው። ከሥነ ሥርዓቱ ጎን ቆሞ ሙዝ ይበላል።

የመጀመሪያዎቹ ልጆች በጨዋነት እምቢ አሉ፤ ተሰጣቸው። እናቶች እልል አሉ። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው የተመለሰ መሰለ። ከትርንጎ ፊት የቆመው ግዛቸው የሚባል ልጅ ነው፤ ዝሆን የሚያክል፣ ግን ጨለማና ጉድጓድ የሚፈራ። የመቃብር ቆፋሪ አካፋ ተዘረጋለት።

«አልፈልግም» አለ።

«በጣም ጥሩ» አሉ አቶ መንበሩ።

«አይ፣ የምር አልፈልግም! ጉድጓድ እፈራለሁ!»

«እሰይ!»

«ግደሉኝ እንጂ አልቆፍርም! እናቴ! ኧረ እናቴ!»

አቶ መንበሩ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «በአገልግሎት ዘመኔ ለሙያው እንዲህ ያለ ፍቅር ያለው ወጣት አላየሁም።» ጭብጨባው ሜዳውን አናወጠው። ግዛቸውን አካፋውን ትከሻው ላይ አስረው አራት ሆነው ተሸክመው ወሰዱት። እግሩን ያወራጫል፤ እነሱ ይዘፍናሉ። እናቱ እልልታውን ጀመረችው፤ አልጨረሰችውም።

ትርንጎን አየኋት። ዓይኗ ከሚወራጨው እግር አልተነቀለም። ሥራዋ ነውና ምኑ ላይ እንደሚያመው ታውቃለች ማለት ነው። ፊቷ ተለወጠ። በልቤ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ እባክሽ» አልኩ።

ቀርከሃው ተዘረጋላት። «ወጌሻ መሆን ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ» አለች።

ይታክቱ እንደተመታ ሰው ወገቧን ያዘች።

አቶ መንበሩ ግራ አልተጋቡም። አሳባቸው የተሟላ ነበር፤ እምቢ እሺ ከሆነ እሺ እምቢ ነው። ቀርከሃውን በቀስታ ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ገብቶናል፣ ልጄ። ስሜትሽን እናከብራለን።»

«እፈልጋለሁ አልኩ!»

«አትጩሂ። ማንም አያስገድድሽም።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው ይህንን ነው!»

«ከልጅነቷ ጀምሮ» አሉ አቶ መንበሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ በሐዘን። «እንዲህ ያለ ጥላቻ ልጅ ላይ ሲያድር ጥፋቱ የእኛ የአዋቂዎች ነው።»

መታገሥ አቃተኝ። ተነሳሁ። «አቶ መንበሩ! ልጅቷ ትፈልጋለች!»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አሉ። «አጎቷም እንደማትፈልግ መሰከሩ።»

ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተቀምጬ አላውቅም።

ይታክቱ በነጠላዋ ውስጥ ሆና እየተንሾካሾከች ትለምናለች። «አልፈልግም በይ! አሁንም አልረፈደም! አንዴ ብቻ አልፈልግም በይ፣ በሞቴ!» የአቶ መንበሩ ረዳት ግራጫውን ሻሽ ከካርቶን አውጥቶ እያፍታታ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው፤ ያቺን ብትል ሁሉም ሰው ቤቱ ይገባ ነበር።

ትርንጎ ቃሏን አላለችም። እጇን ዘርግታ ቀርከሃውን ከአቶ መንበሩ እጅ ወሰደች። መጠምጠሚያ ጨርቁንም ከጠረጴዛው አነሳች።

በከተማችን ታሪክ ከማዕዱ ላይ ራሱ አንስቶ የወሰደ ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዳምጠው እንኳ ሙዙን ማኘክ አቆመ።

«መልሽው» አሉ አቶ መንበሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ተጋብተው። «መልሽውና እኔ ልስጥሽ።»

«ከሰጡኝ እምቢ ማለት ሊኖርብኝ ነው» አለች፤ ከሜዳውም ወጣች።

ለቀናት ስብሰባ ተቀመጡ። ደንቡ ለተቀበለ ሰው አንቀጽ አለው፤ ለተጠባባቂም አንቀጽ አለው። ላነሳ ሰው የለውም። አነሳች ከተባለ ሌባ ልትባል ነው፤ ግን የተዘረጋላትን ነው ያነሳችው። ሻሹን እንዳያስሩላት ባዶ እጇን አይደለችም። በመጨረሻ ነገሩን ማንም እንዳላየው ተስማሙ። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ድምፅ ምንም እንዳላየ ሲስማማ ሳይ እሱም የመጀመሪያዬ ነው።

ትርንጎ ከሱቄ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች። ማንም አልመጣም። የሚያነክሰው እያነከሰ፣ ክንዱን ያንጠለጠለው እንዳንጠለጠለ፣ በመንገዱ ማዶ በኩል ያልፋል። «ደህና ነህ?» ስትለው «ኧረ እኔ ምን እሆናለሁ» ይላታል። የነጠቀች ልጅ ናትና ወደ እሷ መሄድ ነውሩን መካፈል ነው። እናቷም አኮረፈቻት። በደጃፌ ስታልፍ ነጠላዋን ወደ ልጇ በኩል ትከናነባለች፤ እኔን ብቻ ሰላም ትለኛለች። ልጇ ያለችበትን አየር እንኳ በትሕትና ነው የምትዞረው። ሁለቱንም መምከር ሰለቸኝ። ትርንጎን «እስቲ አንዳንዱን በሞቴ በዪው፤ ይመጣልሻል» ብላት «አልለምንም» አለች። እህቴን «ሂጂና አናግሪያት» ብላት «መጀመሪያ እሷ ትጥራኝ» አለች። መኪናዬን እየረገጥኩ እሰፋለሁ። ክሩ ይበጠሳል። እቀጥለዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይታክቱ ከተለመደው ሰዓቷ ውጭ መጣች። ቀኝ እጇ ነጠላዋ ሥር ነው። ክር ትፈልጋለች አለች፤ ምን ዓይነት ክር ብላት አታውቅም። ዘግይቼ ነው የሰማሁት፤ ውሃ ወረፋ ላይ አንዷን ጎረቤቷን «ቅደሚ» ስትላት ያቺም «ኧረ አንቺ ቅደሚ» ስትል፣ እየተባባሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ቦዩ ውስጥ ገብታ በእጇ ወድቃለች። ሲያነሷትም «ኧረ ተዉኝ፤ እዚሁ ይሻለኛል» ብላ ነበር አሉ።

ትርንጎ ከበርጩማዋ ሳትነሳ አየቻት። ፊቷን ሳይሆን ትከሻዋን።

«እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«ኧረ ምንም።»

«ልየው?»

«ተዪው ባክሽ፤ አትድከሚ። ሥራ ላይ ነሽ።»

ትርንጎ ሥራ ላይ አልነበረችም። ከተቀመጠች ጀምሮ ሥራ ላይ ሆና አታውቅም። እኔ «በሞቴ» የሚለውን ጠበቅኩ፤ የትኛዋም ልጅ ለእናቷ የምትለው ነው።

«እሺ» አለችና ጨርቋን ማጠፍ ጀመረች።

ይታክቱ አልሄደችም። እዚያው ቆመች። ልናገር አፌን ስከፍት ትርንጎ ዞራ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። የሰፋሁትን ጠርዝ እንደገና ሰፋሁት።

«ትንሽ ያበጠ ይመስላል» አለች ይታክቱ፤ ለማንም ሳይሆን ለመንገዱ።

«አዎ፤ ያብጣል።»

«ሌሊቱን አላስተኛኝም።»

«አያስተኛም።»

«አንቺ» አለች ይታክቱ። «ከሆዴ የወጣሽ ልጅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በሞቴ ልየው አትዪኝም?»

«ሞቴ ምን ያደርግልሻል፣ እምዬ? እጅሽን ነው የማውቀው።»

መንገዱ ላይ ሰው ነበረ። ከዳቦ ቤቱ ሰልፍ አንዳንዱ አንገቱን አስግጎ ያያል። ይታክቱ ግራ ቀኙን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ እጇን አወጣች፤ አንጓው አብጦ ጠቁሯል፤ በግራ እጇ ደግፋዋለች።

«እፈልጋለሁ» አለች በለሆሳስ። ሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ዞረች። ይታክቱ አየቻት፤ ግን እጇን መልሳ አልሸፈነችም።

ትርንጎ በርጩማዋን ለቀቀችላት። ይታክቱ ተቀመጠች፤ መቆም ይሻለኛል አላለችም። ልጅቷ ፊቷ ተንበርክካ እጁን በሁለት መዳፏ ተቀበለችና በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ከክርኗ በታች ትዳስስ ጀመር።

«የት ጋ ነው?»

ይታክቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«እዚህ ጋ።»